ጎመን በጤና ወይስ ጎመን በ«መድኃኒት»?

«ጎመን በጤና» ብሎ ራሱን ያላጽናና አበሻ ይኖር ይሆን? ሥጋው ቢርቅ፣ ቅቤው ቢወደድ፣ ጤና እስካለ ድረስ ጎመኑ ይበቃል ማለት ነው። አባባሉ ሲወጣ ግን በውስጡ አንድ ያልተነገረ ስምምነት ነበረበት፤ ጎመኑ ራሱ ጤና ነው የሚል። ድሃ የሚበላው ነገር ጣዕም ቢጎድለው እንጂ ነውር የለበትም የሚል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ያ ስምምነት መቼና እንዴት እንደ ተናጋ ለመጠየቅ ነው።

ጥያቄውን ያጫረብኝ አንድ የገበያ ወግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጾም ወራት፣ በደብረ ማርቆስ ገበያ አንዲት እናት ቲማቲም ይመርጣሉ። በቲማቲሙ ላይ ነጣ ያለ፣ የኖራ ውኃ ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ደርቆበታል። እናቲቱ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና «ልጄ፣ ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ሻጩ ወጣት ገበሬ ነው። ፊቱ ላይ ቅንጣት ኀፍረት ሳይታይ «አይስጉ እማማ! መድኃኒት ነው። የኔ ቲማቲም መድኃኒት ጠግቦ ያደገ ነው፤ ትናንት ጧት እንኳ ረጭቼዋለሁ» አላቸው። እናቲቱ ተረጋጉ። ሁለት ኪሎ አስመዝነው፣ መርቀውት ሄዱ።

ነገሩን ቆሞ ያየው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለው ኖሯል። ሻጩ አልዋሸም፤ እንዲያውም የልፋቱን እውነት በኩራት ተናገረ። ገዢዋም አልተታለሉም፤ የሰሙትን ቃል በሚያውቁት ትርጉም ተረድተው ገዙ። በሁለቱ መካከል ቆማ ሁለቱንም ያሳሳተች አንዲት ቃል ናት። እሷም «መድኃኒት» ናት።

የአንዲት ቃል ሁለት ፊት

በመንግሥት ወረቀት ላይ የዚህ ነገር ስም «ፀረ-ተባይ»፣ «ፀረ-አረም»፣ «ፀረ-ፈንገስ» ነው። ከወረቀቱ ወጥቶ ጎጃም ደጋ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ሁሉም «መድኃኒት» ነው። የድንች መድኃኒት፣ የጎመን መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት። ገበሬው «መድኃኒት አጣሁ» ካለ ልጁ ታሞ ይሁን ሽንኩርቱ ተበልቶ ለመለየት ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል።

ቃሉ «ድኅነ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነውና አዳኝ ማለት ነው። ነገር ግን አማርኛችን ከጥንትም የዋህ አልነበረም። «መድኃኒተኛ» የተባለ ሰው አይመሰገንም፤ ይፈራል እንጂ። «መድኃኒት አበሉት» ከተባለ ዳነ ማለት ሳይሆን አለቀለት ማለት ነው። ቅጠል በጥሰው፣ ሥር ምሰው የሚያድኑትም የሚያጠፉትም በአንድ ቃል ሲጠሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የሆነም አይደለም። የጥንት ግሪኮችም «ፋርማኮን» የምትለውን ቃል ለመፈወሻውም ለመርዙም ይገለገሉባት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው የስዊስ ሐኪም ፓራሴልሰስም መርዝን ከመድኃኒት የሚለየው መጠኑ ነው ብሎ ማስተማሩ ይታወቃል።

እንግዲህ አባቶቻችን ቃሏን በሁለት ፊቷ ያውቋት ነበር ማለት ነው። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፤ በእርሻ ላይ የምትረጨዋ «መድኃኒት» አስፈሪው ፊቷ ተሸፍኖ አዳኙ ፊቷ ብቻ የቀረው እንዴት ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄድ ማለት ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አመድ፣ ጭስና ምሕላ

ተባይ አዲስ ጠላት አይደለም። ነቀዝ፣ ተምች፣ ግሪሳ፣ ዋግ፣ አንበጣ የሚሉት ቃላት ከማረሻና ከሞፈር ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። መከላከያውም እንዲሁ። ጓሮ ላለ ጎመን አመድ መነስነስ፣ ለጎተራ ጭስ ማጠን፣ እህልን ከጠንካራ ሽታ ቅጠል ጋር ማኖር፣ አዝመራን አፈራርቆ መዝራት፣ ለወፍ ማማ ሠርቶ ወንጭፍ መወንጨፍ፤ ይህ ሁሉ ከእጅ የማይወጣ፣ ከቤት የማይርቅ ጥበብ ነበር።

ከአቅም በላይ ለሆነው ደግሞ ምሕላ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በድባርዋ አካባቢ የአንበጣ መንጋ ሰማዩን ሲሸፍን ከአገሩ ካህናት ጋር ሆኖ መስቀል ይዞ እንደ ዞረና በአንበጣው ላይ ግዝት እንዳነበበ ጽፎ አልፏል። ዛሬ ፈገግ ሊያሰኘን ይችላል። ነገር ግን ያ ሰልፍ አንድ ነገር ይነግረናል፤ አዝመራን ማዳን የነፍስ ጉዳይ ነበር፤ የሚያድነውም ከላይ ይጠበቅ ነበር።

መርዝንም ቢሆን አያውቁም አልነበረም። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ላይ በመበተን ዓሣ ያሰክሩ ነበር። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር ዓሣውን ያደነዝዛል፤ ነገር ግን ፀሐይና አየር ሲያገኘው በቀናት ውስጥ ይፈርሳል። እንዶድም እንዲሁ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ የብልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት መንገድ ከፈተ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። የአባቶች መርዝ ዕድሜው አጭር ነበር። ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ኋላ የመጣው ግን ሥራውን ጨርሶ የማይሄድ ሆነ።

ሁለት መቅሠፍት በአንድ ዓመት

ዲዲቲ በላቦራቶሪ መጀመሪያ የተቀመመው በ1874 ነው። ተባይ ገዳይነቱን ግን እስከ 1939 ድረስ ያወቀ አልነበረም። በዚያ ዓመት የስዊሱ ጋይጊ ኩባንያ ኬሚስት ፓውል ሙለር ይህንን አገኘ። በ1943 እና በ1944 መካከል በነበረው ክረምት ኔፕልስ ከተማ በቅማል የሚተላለፍ ተስቦ ሲገባ ሕዝቡ በዲዲቲ ዱቄት ተነሰነሰ፤ ወረርሽኙም ቆመ። ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የተሸለመው በኬሚስትሪ ወይም በግብርና አልነበረም፤ በሕክምና ነበር! አንባቢ ይህችን ነጥብ ልብ ይበልልኝ። ዲዲቲ ገና ከጥንቱ ወደ ዓለም የገባው የሐኪም ካባ ለብሶ ነው።

ወደ እኛም የመጣው በዚሁ ካባ ነው። 1958 ለኢትዮጵያ ክፉ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት አንበጣ 167,000 ቶን እህል እንዳወደመ ይገመታል። ይህም 1,670,000 ኩንታል፣ የአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከሰኔ ወር ጀምሮ ዝናቡ ያለ ልክ በዛ፤ ሙቀቱና እርጥበቱም ጨመረ፤ ወባ ከቆላው ወጥቶ ደጋ ደጋውን ያዘ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር የሚደርስ አገር፣ ንዳድን በቆላ ወራጅ ዘመዱ ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ፣ በአንድ ወቅት ተመታ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሰው ሞተ ተብሎ ተገምቷል። ማሳ ላይ የቆመ እህል የሚያጭደው ጠፋ።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ዋናው መሣሪያውም በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጭ ዲዲቲ ነበር። በአንበጣው በኩል ደግሞ በ1962 የምሥራቅ አፍሪቃ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተመሠረተ። የዚያን ዘመን የአንበጣ መርዝ ደግሞ ዲየልድሪን የተባለው የዲዲቲ የቅርብ ዘመድ ነበር። በጀርባው ታንክ ያዘለ ሰው መንደር ገባ፤ አውሮፕላን ከሰማይ ረጨ። ለዘመናት ከላይ ይጠበቅ የነበረው ማዳን በእርግጥም ከላይ ወረደ!

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ዲዲቲ ሰው አድኗል። ልጆቿን በወባ የቀበረች እናት ግድግዳዋ ከተረጨ በኋላ የተረፈላትን ስትቆጥር ነገሩን «መድኃኒት» ብትለው ማን ይፈርድባታል? ቃሉ የተሰጠው በስሕተት አይደለም፤ በምስጋና ነው። ችግሩ ምስጋናው ከግድግዳው ወርዶ ወደ ጓሮ መሄዱ ነው።

በነገራችን ላይ የአንበጣው ድርጅት በተመሠረተበት በዚያው በ1962 አሜሪካዊቷ ሬቸል ካርሰን «ጸጥ ያለው ጸደይ» የተባለ መጽሐፏን አሳተመች። ዲዲቲ በቶሎ እንደማይፈርስ፣ ከአፈር ወደ ትል፣ ከትል ወደ ወፍ እየተሻገረ በስብ ውስጥ እንደሚከማች አስረዳች። ኩባንያዎች ዘመቱባት። ከ10 ዓመት በኋላ ግን በ1972 አሜሪካ ዲዲቲን በእርሻ ላይ ከለከለች። ያ ክርክር ጎጃም ሳይደርስ ዱቄቱ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ከግድግዳ ወደ ጓሮ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ልጅ ሳለ ክረምቱን የሚያሳልፈው ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ካለ መንደር፣ አያቱ ዘንድ ነበር። ረጪዎቹ የሚመጡበት ቀን እንደ በዓል ነው። ዕቃ ይወጣል፤ ድስቱ፣ ሞሰቡ፣ ቁርበቱ ደጅ ይከመራል፤ ልጆች ከዶሮዎቹ ጋር ይባረራሉ። ማታ ስንገባ ግድግዳው ነጥቶ፣ ትኋኑና ቁንጫው መሬት ላይ ረግፎ እናገኛለን። አያቴ እንዲያ ያለ እንቅልፍ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምትተኛው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከባልዲው ሥር የቀረችውን ለምና ተቀበለች። ጎመኗን ቅጠል በል ትል ጨርሶባት ነበር። በእንስራ ውኃ በጠበጠችውና በቅጠል መጥረጊያ እየነከረች ረጨችው። በማግሥቱ ትሎቹ ረግፈዋል። አያቴ አማተበች፤ «ተመስገን! ለሰው የሆነ ለጎመን አይሆንም ብለሽ ነው?» አለቻት ጎረቤቷን። በሦስተኛው ቀን ጎመኑ ተቀነጠበ፤ በላን። ማንም አልታመመም። ማንም አለመታመሙ ነው እንግዲህ ነገሩን ያከፋው። ለትል እንጂ ለሰው የማይጎዳ መሆኑ በዓይን የተረጋገጠ መሰለን።

አያቴ ብቻ አይደለችም። በከተማ «ፍሊት» ስንነፋ አድገናል። ፍሊት የአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ የንግድ ስም ነበር፤ በእኛ ዘንድ የማንኛውም ተባይ ገዳይ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። «ማላታይን» በየቤቱ ለትኋን ገባ። የነቀዝ እንክብል በጎተራ ተቀበረ። ለወባ የመጣው ዲዲቲም እየሾለከ ለጫትና ለአትክልት መዋሉን በኋላ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ዲዲቲ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ እየተዘጋጀ ለወባ ሲቀርብ ቆይቶ፣ ትንኟ ስለ ለመደችው በ2009 ገደማ ከግድግዳ ርጭት ወጥቷል። ከአፈርና ከሰውነት ግን በቶሎ አልወጣም። በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች በእናቶች የጡት ወተትና በላም ወተት ላይ የተካሄደና በ2013 የታተመ ጥናት ዲዲቲን በሁለቱም ወተት ውስጥ አግኝቶታል። ለጨቅላ የመጀመሪያ ምግቡ የሆነው ነገር እንኳ አልተረፈም ማለት ነው።

ፓኬጁና ድንቹ

ወደ ጎጃም ደጋ እንመለስ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1850ዎቹ መጨረሻ በጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር እጅ ነው። ዛሬ ከጮቄ ግርጌ እስከ እንጅባራና ሰከላ ድረስ ደጋውን የሚያኖረው ሰብል ሆኗል። ድንች በሄደበት ሁሉ ግን አንድ በሽታ ይከተለዋል። በዝናብና በጉም ወራት ቅጠሉን በጥቂት ቀናት አጥቁሮ የሚጥለው፣ ባለሙያዎች የድንች ዋግ የሚሉት በሽታ ነው። ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የፈጀው ይኸው ነው። የጎጃም ገበሬ ነባሩን ድንች ከክረምት ይልቅ በበልግና በመስኖ ማልማትን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከበሽታው ጋር ፊት ለፊት ላለመግጠም ነበር።

በፈረንጅ አገር የፈንገስ መድኃኒት የተገኘበት ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ የወይን ባለቤቶች መንገደኛ ፍሬ እንዳይሰርቅባቸው የመዳብ ጨውና ኖራ በጥብጠው የመንገድ ዳር ወይናቸውን ይቀቡት ነበር። ሚያርዴ የተባለው ሊቅ የተቀባው ወይን በሽታ እንዳልነካው አየና በ1885 ለዓለም አስታወቀ። እነሆ የመጀመሪያው ታላቅ ፀረ-ፈንገስ ሌባ ለማስፈራራት የተቀባ መርዝ ነበር። እነሱ «እንዳትበላው» ለማለት የቀቡትን እኛ «ብላው፣ ተረጭቷል» ለማለት አዋልነው።

የግብርና ኬሚካል በሰፊው ወደ ገበሬው የደረሰው ግን በኤክስቴንሽን በኩል ነው። በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1971 የተከተለው አነስተኛ የፓኬጅ ፕሮግራም፣ ከዚያም በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000፣ በ1995 የመንግሥት አዲሱ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም፤ ሁሉም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዘው ሲመጡ «መድኃኒቱ» ከጎን አልተለየም። «ቱፎርዲ» የተባለው ፀረ-አረም የጤፍና የስንዴ ማሳ አረም ነቃዮችን አሰናበተ። ጎጃምም ትርፍ አምራች ተብሎ ተመሰገነ፤ ምርቱም በእርግጥ ጨመረ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ለግሉ ዘርፍ ሲከፈት ደግሞ መርዙ ከመንግሥት መጋዘን ወጥቶ ከሱቅ መደርደሪያ ደረሰ። መስኖው ሰፋ፤ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታሰበው በመራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ ግድብ፣ የጨሞጋ ዳርቻ ጓሮዎች፣ በየወንዙ የገቡ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ሽንኩርትን፣ ጥቅል ጎመንን፣ ቲማቲምን የገንዘብ ሰብል አደረጓቸው። ጤፍ ቢበላሽ ገበሬው ይራባል፤ ቲማቲም ቢበላሽ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ሪዶሚል፣ ማንኮዜብ፣ ሴልክሮን፣ ካራቴ የሚሉት ስሞች ከመስኖው ጋር መጡ። በ2017 የአሜሪካ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ የበቆሎ ማሳ ሲወርር ደግሞ መርጫ ያላነገተ ገበሬ ሰነፍ እስኪመስል ተደረሰ።

በርሜሎቹና የቡናው ትምህርት

መርዙ ሲገባ የታሰበበት ያህል መውጫው አልታሰበበትም። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ እየተባለ በዕርዳታም በግዢም የገባ ኬሚካል ጊዜው አልፎ፣ በርሜሉ ዝጎ፣ በየመጋዘኑ ሲፈስስ ተገኘ። የኢትዮጵያ ክምችት በአፍሪቃ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ከ2000 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 1,500 ቶን ያህል ተለቅሞ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። አገር ውስጥ ይህን መርዝ በደህና የሚያቃጥል ምድጃ አልነበረምና ነው። «መድኃኒት» የተባለ ነገር ለመቃጠል ባሕር ሲሻገር ያየ ሰው ስሙን ሊጠራጠር በተገባው ነበር።

ሕግም አለ። በ1990 ስለ ፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ ድንጋጌ ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ተተካ። ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት መጀመሪያ ካገዳቸው 12 መርዞች 9ኙ ዲዲቲንና ዲየልድሪንን የመሳሰሉ ፀረ-ተባዮች ነበሩ፤ ዲዲቲ ለበሽታ መከላከያ ብቻ ተፈቀደ። አገራችንም ስምምነቱን በ2003 ተቀብላዋለች።

ሕጉ ጥርስ እንዳለው ያየነው ግን በእኛ ገበያ ሳይሆን በሰው ገበያ ነው። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ሊንዴን፣ ሄፕታክሎርና ክሎርዴን የተባሉ መርዞች ቅሪት አገኘች። ከትልልቆቹ የቡናችን ደንበኞች አንዷ ነበረችና ንግዱ ክፉኛ ተመታ። ጥርጣሬው በቡናው ተክል ላይ ሳይሆን በተጓጓዘበት ጆንያ ላይ ወደቀ። ሹሙም ነጋዴውም ተራወጠ፤ ጆንያ ተቀየረ፤ ናሙና ተመረመረ። በጎ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። የቶኪዮ ቡና ጠጪ ስለሚጠጣው ስኒ ይህን ያህል ጠባቂ ካለው፣ ለደብረ ማርቆሷ እናት ቲማቲም ጠባቂው ማነው? በ2014 የታተመ ጥናት ከጅማ ዞን በተሰበሰበ ጤፍ፣ በቆሎ፣ በርበሬና ቡና ላይ ዲዲቲን ጨምሮ የፀረ-ተባይ ቅሪቶች አግኝቷል። ተመራማሪዎች ለጥናታቸው ሲሉ ይፈልጋሉ፤ ለበላተኛው ሲል በየገበያው በየወቅቱ የሚመረምር ግን የለም። ለውጭ የሚሄደው ይፈተሻል፤ ለእኛ የሚቀረው ይመረቃል።

የአንድ ግራም ነገር

ለመሆኑ ቅሪት ምንድን ነው? የተረጨ ነገር በአንድ ቀን አይጠፋም። ፀሐይ፣ ዝናብና የተክሉ ዕድገት ቀስ በቀስ ያፈርሱታል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ፀረ-ተባይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቅ የቀን ቁጥር አለው። ለአንዱ 3 ቀን፣ ለሌላው 7፣ ለሌላው 14 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠን ዓለም አቀፍ ወሰን ተደርጎለታል። ወሰኑ የሚለካው በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ በሚገኝ ሚሊግራም ነው። አንድ ሚሊግራም በኪሎ ማለት በ10 ኩንታል ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። ኤውሮጳውያን የተለየ ወሰን ላልወጣለት መርዝ የሚፈቅዱት ደግሞ 0.01 ሚሊግራም ነው፤ በ1,000 ኩንታል አንድ ግራም እንደ ማለት። ይህን ዓይን አያየውም፤ ምላስም አይቀምሰውም። የነጠላ ጫፍም አይጠርገውም።

ሁሉም መርዝ በአንድ መንገድ አይቆይም። ማንኮዜብን የመሰለው በላዩ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ በደንብ ሲታጠብና ሲላጥ አብዛኛው ይሄዳል። ሳይታጠብ ከተቀቀለ ግን ሙቀቱ ወደ ሌላ ጎጂ ነገር ሊለውጠው ይችላል። የኤውሮጳ ኅብረት በ2020 መጨረሻ ማንኮዜብን ከፈቃድ ዝርዝሩ ያስወጣው ያለ ነገር አልነበረም። ሌላው ዓይነት ከሥርና ከቅጠል ገብቶ በተክሉ ደም ሥር የሚዘዋወር ነው፤ ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል እንዲህ ነው። ይህን ውኃ አያጥበውም፤ የሚያጥበው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ድንች ከአፈር በታች ተሸፍኖ፣ ተልጦና ተቀቅሎ ስለሚበላ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከሰላጣ ይልቅ የሚያሰጋው ያነሰ ነው። እኛ ደግሞ በጾም ጥሬውን የምንበላው የሚያሰጋውን ነው።

አንድ ሰሐን ሰላጣ ሰው አይገድልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንባቢን ከጎመን ሊያጣላ አልተነሣም፤ አትክልት አለመብላት ራሱ በሽታ ነው። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። በአንድ ቀን አይታይም፤ በዓመታት ይከማቻል።

መጀመሪያ የሚቀምሰው

ከበላተኛው በፊት መርዙን የሚቀምሰው ግን ረጪው ነው። ያ በገበያው የኮራ ወጣት መርጫውን በባዶ እግሩ፣ ያለ ጓንት፣ ነፋስ እየመለሰበት ነው የሚይዘው። ሴልክሮንን የመሰሉ መርዞች ነርቭ የሚያዝበትን ሥርዓት ያውካሉ። ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ የዓይን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ይከተላል፤ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። በ1984 ሕንድ ውስጥ ቦፓል ከተማ በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀው ጋዝ ያመለጠው ካርባሪል ከሚባል ፀረ-ተባይ ፋብሪካ ነበር። ካርባሪል በእኛም አገር ለተምች ሲረጭ የኖረ ነው። ባዶው ጠርሙስና ጀሪካን ደግሞ ታጥቦ ለጋዝ፣ አንዳንዴም ለውኃ መያዣ ይሆናል። በጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማን ያንብበው?

ንብም አብራ ትቀምሳለች። ቱፎርዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ስለሚያደርቅ መጭን የመሰለ የንብ ቀሰም ከማሳ ጠፋ። በአበባ ሰዓት የተረጨ ተባይ ገዳይ ደግሞ ንቧን ራሷን ከቀፎዋ ደጃፍ ያረግፋታል። የጎጃም ንብ አርቢ ይህን እሮሮ ሲያሰማ ዓመታት አስቆጥሯል። ነገር ግን ረጪው ጎረቤቱ ነው፤ አንዳንዴም ወንድሙ ነው፤ ምን ብሎ ይክሰሰው?

መውጫው የለም ማለት አይደለም። በሽታ የሚችሉ የድንች ዝርያዎች አሉ፤ የአዴት ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዘንገናና ጓሳ፣ ከሆለታ የወጣው በለጠ ይጠቀሳሉ። ዝርያው ሲጠነክር ርጭቱ ይቀንሳል። መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ስንት ቀን እንደሚጠበቅ አብሮ እንዲነግር፣ ጽሑፉም በአማርኛ እንዲሆን ማስገደድ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በየወቅቱ ከየገበያው ጥቂት ናሙና ወስዶ ማስመርመርና ውጤቱን ለሕዝብ መንገር ለቡና ከተቻለ ለጎመን ስለምን አይቻልም?

እኛ በላተኞችም ድርሻ አለብን። ነቁጥ የሌለበት፣ ትል ያልነካው፣ የሚያብለጨልጭ ቲማቲም ካልሆነ አንገዛም ያልነው እኛ ነን። አያቴ ትል የበላውን ቅጠል ቀንጥባ ጥላ የቀረውን ትቀቅል ነበር፤ እኛ ግን ትል የበላውን ስንጸየፍ ትል እንኳ የማይበላውን መብላት ጀመርን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። የእኛ በሽታ ግን የተደበቀው ራሱ «መድኃኒት» በሚለው ስም ውስጥ ነው። ስሙን በአዋጅ መቀየር አይቻልም፤ ሁለተኛውን ፊቷን ማስታወስ ግን ይቻላል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ገበያ ሲወርዱ የዋጋውን ነገር ከተከራከሩ በኋላ ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁልኝ፤ «ወንድሜ፣ ከተረጨ ስንት ቀኑ ነው?» መጀመሪያ ይገረማል። ሁለተኛው ጠያቂ ሲመጣ ያስባል። አሥረኛው ሲመጣ ቀን መቁጠር ይጀምራል። ያን ጊዜ ምናልባት «ጎመን በጤና» ብለን ስንጽናና ጎመኑም ጤና ይሆንልናል።